ስለ ታሪክ ማሰሪያ

ሰዋስው የተማረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በአማርኛ ንግግር ስሙና ቅጽሉ፣ ዘርፉና ተሳቢው አስቀድመው ይደረደራሉ፤ የነገሩ ፍርድ ግን በመጨረሻ በሚመጣው በማሰሪያው አንቀጽ ላይ ያድራል። አንድ ሰው «ንጉሡ ሠራዊቱን ሰብስቦ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከጠላቱ ጋራ ገጥሞ» ብሎ ዝም ቢል፣ ሰሚው ድል አደረገ ወይም ድል ተመታ የሚለውን ሳይሰማ ከስፍራው ሊነሣ አይወድም። ረጅም ታሪክም እንዲሁ ነው። ፍጻሜው ከክፍሎቹ እንደ አንዱ የሚቈጠር አይደለም፤ ከፊት የተነገረውን ሁሉ የሚያስርና ትርጓሜውን የሚያጸና ነው እንጂ። ስለዚህ የታሪክን ፍጻሜ የሚመዝን ሰው «ደስ ያሰኛልን?» ወይም «ነቀፋ አለበትን?» ብሎ ብቻ ሊጠይቅ አይገባውም። «ከፊት የተነገረውን አሰረውን ወይስ ፈታው?» ብሎም ሊጠይቅ ይገባዋል።

ይህ ጥያቄ በመዘንጋቱ ምክንያት እጅግ የበዛ ሕዝብ ከመንገዱ ወጥቶ የተከራከረበት አንድ ሲኒማ አለ። እርሱም በ2019 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር በአሜሪካ የወጣው «አቬንጀርስ ኤንድጌም» የተባለው ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። አቬንጀርስ ማለት ተበቃዮች ማለት ነው፤ ኤንድጌም ማለትም በሰንጠረዥ ጨዋታ ብዙዎቹ ከገበታ ወጥተው ጥቂቶቹ ብቻ በቀሩ ጊዜ የሚደረገው የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ማርቨል የተባለው ማኅበር በ2008 ዓ.ም. «አይረን ማን» በተባለው ሲኒማ የጀመረውን ታሪክ እያያያዘ በ11 ዓመት ውስጥ እስከ 22ኛው አደረሰ፤ ይህም 22ኛው ነው። ርዝመቱ 181 ደቂቃ ነው። ከእርሱ በኋላ ሌሎች ሲኒማዎች ቢከተሉም፣ የዚያን ረጅም ታሪክ ማሰሪያ ይሆን ዘንድ የተሠራው ይህ ነው።

«ነገሩ የልጆች ተረት ነው፤ የተማረ ሰው ስለምን ይመዝነዋል?» የሚል ቢኖር፣ መልሱ ቀላል ነው። ሕዝብ ስለ ሞት፣ ስለ ዕዳና ስለ ውለታ የሚማረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በምሽት ከሚሰማው ተረትም ይማራል። በዚህ ዘመን ደግሞ ከብዙ አገር የተሰበሰበ ሕዝብ አንድ ተረት በአንድ ሳምንት ሲያይ፣ ተረቱ ሞትን እንዴት እንደ ቈጠረው ማወቅ የልጅ ነገር አይደለም።

ታሪኩን ላላየ ሰው ባጭሩ መናገር ያስፈልጋል። በ2018 ዓ.ም. በወጣው በፊተኛው ክፍል ታኖስ የተባለ ኃያል ስድስት ዕንቍ ሰብስቦ በብረት ጓንቲ ላይ ከሰካ በኋላ፣ «ፍጥረት በዝቶ ሲሳዩ እንዳያልቅ» በሚል ምክንያት ሁለት ጣቱን ቢያጮኽ፣ በዓለማት ሁሉ ካለው ሕያው ፍጥረት እኩሌታው ትቢያ ሆኖ ጠፋ። በኋለኛው ክፍል የተረፉት ጀግኖች ታኖስን ፈልገው ባገኙት ጊዜ ዕንቍዎቹን አጥፍቷቸው ነበር። ቶር የተባለው ጀግና በቍጣ ራሱን ቈረጠው፤ ነገር ግን ከጠፉት አንድ ስንኳ አልተመለሰም። ከዚህ በኋላ አምስት ዓመት አለፈ። ጀግኖቹ ወዳለፈው ዘመን የሚሄዱበትን ብልሃት አገኙ፤ ዕንቍዎቹንም ካለፉት ዘመናት ሰብስበው የጠፉትን መለሱ። የ2014 ዓ.ም. ታኖስ ግን ይህን ዐውቆ ወደ እነርሱ ዘመን ተሻገረ። ታላቅ ጦርነት ሆነ፤ በመጨረሻም «አይረን ማን» የተባለው ቶኒ ስታርክ ዕንቍዎቹን በገዛ እጁ ላይ አድርጎ ታኖስንና ሠራዊቱን አጠፋ፤ እርሱም በዚያው ሞተ።

የዚህ ሲኒማ ወዳጆች በሁለት ወገን ተከፍለው ይከራከራሉ። አንዱ ወገን አመስጋኝ ነው፤ የሚያቀርበውም ምስክር ገንዘብና ዕንባ ነው። ሲኒማው ከዓለም ሁሉ ወደ 2.8 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አስገባ፤ በ2019 ዓ.ም. በጁላይ ወር «አቫታር» የተባለውን ሲኒማ ዐልፎ በገቢ የዓለም ቀዳሚ ሆነ። ነገር ግን በ2021 ዓ.ም. በማርች ወር «አቫታር» በቻይና አገር ዳግመኛ ቢታይ፣ ቀዳሚነቱን መልሶ ወሰደ። እንግዲህ ገንዘብ የመልካም ፍጻሜ ምስክር ከሆነ፣ በ2020 ዓ.ም. መልካም የነበረው የዚህ ታሪክ ፍጻሜ በ2021 ዓ.ም. ከፋን? ዕንባም ቢሆን ብቻውን ምስክር አይሆንም። ዕንባ ሽንኩርት ሲከተፍም ይወርዳልና፣ ምን እንዳወረደው ሳይመረመር ለታሪኩ ክብር ሊቈጠርለት አይገባም።

ይኸው ወገን ደግሞ ፍጻሜውን መሰወርን እንደ ሕግ ይዞት ነበር። አዘጋጆቹ አንቶኒና ጆ ሩሶ የተባሉት ወንድማማች ሲኒማው ከመውጣቱ በፊት፣ ያየ ላላየ እንዳይናገር በደብዳቤ ለምነው ነበር። ልመናው ለጥቂት ቀን የተገባ ነው፤ የሰውን ደስታ አስቀድሞ መንጠቅ ነውር ነውና። ነገር ግን ብዙዎች ከዚህ ዐልፈው፣ ፍጻሜውን አለመናገርን ፍጻሜውን አለመመርመር አደረጉት። መልካም ማሰሪያ ያለው ታሪክ ግን መጨረሻው ከታወቀ በኋላም ይሰማል። እንዲያውም ሁለተኛው መስማት ከፊተኛው ይበልጣል፤ ሰሚው ከመጀመሪያው ጀምሮ እያንዳንዱ ነገር ወዴት እንደሚሄድ እያወቀ ይሰማልና።

ሁለተኛው ወገን ነቃፊ ነው። የዚህ ወገን ሥራ ቀዳዳ መቍጠር ነው። «ከእነዚያ አምስት ዓመታት በኋላ ስኮት ላንግ የተባለውን ጀግና ከታሰረበት ያወጣችው በመሣሪያው ላይ የተራመደች አይጥ ናት፤ እንዴት የዓለም መዳን በአይጥ እግር ላይ ይንጠለጠላል?» ይላሉ። «በ2012 ዓ.ም. ዘመን ሎኪ ዕንቍውን ይዞ አመለጠ፤ ታዲያ የዚያ ዘመን ነገር ምን ሆነ?» ይላሉ። ከሁሉ ይልቅ ስለ ዘመን ጉዞ ሕግ ይጨቃጨቃሉ። ሲኒማው ግን ሕጉን ራሱ ተናግሯል፤ ሰው ወዳለፈው ዘመን ሄዶ ነገር ቢለውጥ የመጣበት ዘመን አይለወጥም፤ ዕንቍው ቢወሰድ ግን ከግንዱ ሌላ ቅርንጫፍ ይወጣል የሚል ነው። ወዳለፈው ዘመን የሄደ ሰው የለም፤ ስለዚህ በታሪክ ውስጥ ለዚህ ሕግ የሚያወጣ ደራሲ ነው፤ ሊጠየቅ የሚገባውም ያወጣውን ሕግ ጠብቆ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ቀዳዳ ቈጣሪው የሚያገኘው ደራሲው የረሳውን ነው፤ ደራሲው የፈቀደውን ግን አይመረምርም። የታሪክ ትልቁ ጥፋት ደግሞ ደራሲው በረሳው ሳይሆን በፈቀደው ላይ የሚገኝ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች የሳቱት ሚዛን የትኛው ነው? የዋጋ ሚዛን ነው። የፊተኛው ክፍል በታላቅ ጥፋት ተፈጸመ፤ ተመልካቹም አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ጥፋት ውስጥ ቈየ። የኋለኛው ክፍል ጥያቄ «የጠፉት ይመለሳሉን?» የሚል አልነበረም፤ እንደሚመለሱ ሕፃን ስንኳ ያውቅ ነበር። ጥያቄው «በምን ዋጋ ይመለሳሉ? ዋጋውንስ የሚከፍል ማን ነው?» የሚል ነበር። ፍጻሜው የሚጸናው ዋጋው በእውነት በተከፈለበት ስፍራ ነው፤ የሚፈርሰውም የተከፈለው በተመለሰበት ወይም ከፋዩ ባልተቈጠረበት ስፍራ ነው።

በዚህ ሚዛን የሲኒማው ትልቁ ብርታት በጦርነቱ ውስጥ አይደለም፤ አመስጋኞቹ እምብዛም በማያነሡት በአንድ ውል ውስጥ ነው። ስታርክ የጠፉትን ለመመለስ እንዲረዳ በተለመነ ጊዜ፣ በእነዚያ አምስት ዓመታት ሴት ልጅ ወልዶ ነበር። ስለዚህ የጠፉት ይመለሱ ዘንድ እሺ ሲል፣ ያለፈው አምስት ዓመት ግን እንዳይደመሰስ ውል አደረገ። ይህ ውል ባይኖር ኖሮ ታኖስ ጣቱን ያላጮኸ ያህል ይሆን ነበር፤ የፊተኛውም ክፍል ሐዘን ሁሉ እንደ ሕልም በቀረ ነበር። ውሉ ስላለ ግን የተመለሰው ሰው አምስት ዓመት የጐደለበት ሆኖ ተመለሰ፤ የቀረውም አምስት ዓመት ያዘነበትን ሐዘን ማንም አልፋቀለትም። የስታርክም ሞት ኃይሉን ያገኘው ከዚሁ ነው። ልጁን እንዳያጣ ውል ያደረገ አባት በመጨረሻ ልጁን ትቶ የሄደ እርሱ ራሱ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ይህ ሰው የጦር መሣሪያ ነጋዴና ራሱን ወዳድ ነበር፤ በአፍጋኒስታን ዋሻ ውስጥ ታስሮ ሳለ ለገዛ ሕይወቱ ሲል የብረት ልብስ ሠራ። በቀብሩ ቀን ያ የፊተኛው የደረቱ መሣሪያ በአበባ ጉንጉን ላይ ተቀምጦ በሐይቁ ላይ ተንሳፈፈ። ከ22ቱ የፊተኛውና የመጨረሻው በዚህ ተያያዙ፤ ማሰሪያ ማለት ይህ ነው።

የቶርም ታሪክ ከዚሁ ጋራ ይቈጠራል። ታኖስን ዘግይቶ የገደለው ይህ ጀግና ከአምስት ዓመት በኋላ ሰክሮ፣ ወፍሮና ከሰው ተለይቶ ተገኘ። ግማሾቹ ወዳጆች ሐዘን በእውነት እንዲህ ያደርጋል ብለው አመሰገኑ፤ ግማሾቹም በሰውነቱ ላይ ሳቅ ተደረገበት ብለው ነቀፉ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ሐሳቡ መልካም ሳለ ደራሲዎቹ በሐዘንተኛ ላይ ለመሳቅ ቸኵለዋልና።

ወደ ጥፋቱ ስንመጣ፣ የፊተኛው በታኖስ ላይ ያለው ነው። ገዳዩ ገና በመጀመሪያ ተገደለ፤ መበቀል ከሞቱት አንዱን ስንኳ አለመመለሱ ለተመልካቹ ታላቅ ትምህርት ነበር። በመጨረሻው ጦርነት የቆመው ታኖስ ግን ከ2014 ዓ.ም. የመጣ ነው፤ የተከሰሰበትንም ገና አልሠራውም። ዋንዳ የተባለችው ጀግና ያላትን ሁሉ እንደ ወሰደባት ብትነግረው፣ ማን እንደ ሆነች ስንኳ እንደማያውቃት መለሰላት፤ እውነቱንም ነው። እንግዲህ ከሳሽ አለ፣ በደልም አለ፣ ተከሳሹ ግን በዳዩ አይደለም። እርግጥ ይህም ታኖስ ክፉ ነው፤ ዓለምን ሁሉ አጥፍቼ እንደ ገና እሠራለሁ ብሎ መጥቷልና። ነገር ግን ተመልካቹ በመጀመሪያ «በቀል ከንቱ ነው» የሚለውን ከተማረ በኋላ፣ በመጨረሻ በቀልን ያለ በዳይ እንዲቀምስ ተደረገ። ይህ ከፊት የተነገረውን መፍታት ነው እንጂ ማሰር አይደለም።

ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይከፋል። በ2012 ዓ.ም. ከተሰበሰቡት ስድስት ተበቃዮች መካከል ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ስምዋም ናታሻ ሮማኖፍ ነው። ከስድስቱ ዕንቍ አንዱ የሚወዱትን ሰው ሳይሰጡ የማይገኝ ነበርና፣ እርስዋና ባልንጀራዋ ክሊንት ባርተን «እኔ ልሙት፣ እኔ ልሙት» ብለው በገደሉ አፋፍ ታገሉ፤ እርስዋ አሸንፋ ሞተች። ያለ እርስዋ ሞት ዕንቍው አይገኝም፤ ያለ ዕንቍውም አንድ ሰው አይመለስም ነበር። ብሩስ ባነር የጠፉትን በመለሰ ጊዜ እርስዋንም ሊመልሳት ሞክሮ አልሆነለትም። እንግዲህ በዋጋ በኩል ከስታርክ ጋራ እኩል ከፍላለች። ነገር ግን ለስታርክ ጀግኖቹ ሁሉ በሥርዓት ተሰልፈው ቀብር ሲቆሙለት፣ ለእርስዋ አምስቱ ባልንጀሮችዋ በሐይቅ ዳር ጥቂት ደቂቃ ካዘኑ በኋላ ታሪኩ ወደ ሥራው ሄደ፤ በመጨረሻም ባርተን ድሉን ባወቀች ብሎ ለዋንዳ ምኞቱን ተናገረ፤ ይኸው ነው። ደራሲዎቹ ክሪስቶፈር ማርከስና ስቲቨን ማክፊሊ ስለዚህ ተጠይቀው ሲመልሱ፣ ስታርክ በአደባባይ የታወቀ ሰው መሆኑንና እርስዋ ግን በስውር የኖረች መሆንዋን በምክንያትነት አቀረቡ።

ይህ ምክንያት ሊቀበሉት የማይገባ ነው። በአደባባይ የታወቀ ሰው ሲሞት አደባባዩ ያዝንለታል፤ በስውር ለሰው የሞተን ግን የሚያዝንለት ያ ስውር ሥራው የታየው ሰው ነው። ተመልካቹ አይቷል፤ ደራሲዎቹም አሳይተዋል፤ ስለዚህ የለቅሶው ዕዳ በእነርሱ ላይ ነበር። «ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ» ይባላል፤ እዚህ ግን የነበሩት ዝም አሉ፤ የሚቀብርም አልተገኘም። ይባስ ብሎ በመጨረሻው ጦርነት ላይ ሴቶቹ ጀግኖች ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰልፈው እንዲታዩ ተደረገ። አንዳንዱ ወዳጅ በዚህ ደስ አለው፤ አንዳንዱም ለይስሙላ የተደረገ ነው ብሎ ነቀፈ። ሁለቱም ሰልፉን ሲቈጥሩ ከሰልፉ የጐደለችውን አልቈጠሩም። የሴትን ክብር ማሳየት የፈለገ ደራሲ ለሞተችው ቀብር ቢያደርግላት ይበቃው ነበር። መቃብርዋ የታየው ከሁለት ዓመት በኋላ በ2021 ዓ.ም. በስምዋ በወጣው ሲኒማ፣ የሠሪዎቹ ስም ተነቦ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያም እኅትዋ ልታዝን በመቃብሩ አጠገብ ቆማ ሳለች፣ የሚቀጥለውን ታሪክ የሚያስጀምር አንዲት ሴት መጥታ ሥራ ሰጠቻት። መቃብሩ የሌላ ታሪክ ማስታወቂያ ሆነ።

ሦስተኛው ጥፋት በስቲቭ ሮጀርስ ላይ ያለው ነው። ይህ ጀግና ዕንቍዎቹን ወደ ስፍራቸው ሊመልስ ወዳለፈው ዘመን ከሄደ በኋላ፣ ከጥንት ወዳጁ ከፔጊ ካርተር ጋራ ኖሮ አርጅቶ ተገኘ፤ ጋሻውንም ለሳም ዊልሰን አስረከበ። አመስጋኞቹ «ዕድሜውን ሁሉ ለሰው የደከመ ሰው ዕረፍት አገኘ» ይላሉ፤ ይህ ክርክር ኃይል አለው። ነቃፊዎቹም በ2014 ዓ.ም. ሲኒማ ፔጊ አርጅታ፣ ትዳር ይዛና ልጆች ወልዳ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። የኖረው በዚያው ዘመን ነውን ወይስ በሌላ ቅርንጫፍ? በዚህ ነገር ሩሶዎች በሌላ ቅርንጫፍ ነው ሲሉ፣ ደራሲዎቹ ደግሞ በዚያው ዘመን ነው ብለዋል። ማሰሪያውን የጻፉትና ማሰሪያውን ያሳዩት ሰዎች በትርጓሜው ካልተስማሙ፣ ሕዝቡ በክርክር ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን ከዚህም በላይ የሚጠየቅ ነገር አለ። ስታርክ አምስቱን ዓመት አትደምስሱ ብሎ ዋጋውን በሕይወቱ ሲከፍል፣ ሮጀርስ የጐደለበትን ዘመን ሁሉ ያለ ዋጋ አስመልሶ ወሰደ። ያለፈው አይመለስም ብሎ ያስተማረ ታሪክ በመጨረሻው ሰዓት ለአንዱ ሰው ያለፈውን መለሰለት።

በ2019 ዓ.ም. በኦክቶበርና በኖቬምበር ወር ማርቲን ስኮርሴዚ የተባለው ታላቅ የሲኒማ አዘጋጅ ስለ ማርቨል ሥራዎች ተናግሮና ጽፎ ነበር፤ የነቀፋውም ፍሬ ነገር በእነርሱ ውስጥ በእውነት የሚያሰጋ ነገር የለም የሚል ነው። ወዳጆቹ ተቈጥተው ገቢውን እየቈጠሩ፣ የእርሱን ዕድሜ እየጠቀሱ፣ «አላየውም» እያሉ መለሱለት። ይህ ሁሉ መልስ አይሆንም። እውነተኛው መልስ «ስታርክ የሰጋበትን በእውነት አጣ፤ ናታሻም ሕይወትዋን ከፈለች» የሚል በሆነ ነበር። ነገር ግን ይህን የሚመልስ ሰው በዚያው አፉ «የናታሻ ዋጋ አልተቈጠረም፤ የሮጀርስም ዋጋ አልተከፈለም፤ በዚህ በኩል ነቃፊው ልክ ነው» ሊል ይገባዋል። አመስጋኞቹ ይህን ማለት ስላልወደዱ የሚሻለውን ጋሻቸውን ጥለው በገንዘብ ተከላከሉ።

«ይህ ሁሉ ለመዝናኛ የተሠራ ነው፤ ስለምን በዚህ ሚዛን ይመዘናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሚዛኑን ያመጣው ግን ሲኒማው ራሱ ነው። የፍጥረትን እኩሌታ ገድሎ ተመልካቹን አንድ ዓመት ያስጠበቀ ሰው «ስለ ሞት አትጠይቁኝ» ሊል አይችልም። ደግሞም ነገሩ አላበቃም። በ2024 ዓ.ም. በጁላይ ወር በሳን ዲዬጎ ከተማ በተደረገው ስብሰባ፣ ስታርክን ሆኖ የተጫወተው ሮበርት ዳውኒ ወደ ተበቃዮች ታሪክ እንደሚመለስ ተነገረ፤ በአዳራሹ የነበረው ሕዝብም በእልልታ ተቀበለው። የሚመለሰው በስታርክ ስም አይደለም፤ ዱም የተባለ ክፉ ሰው ሆኖ ነው። ስለዚህ ስታርክ ከመቃብሩ ተነሣ ብሎ መክሰስ ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን ማኅበሩ ያየው አንድ ነገር አለ፤ ሕዝቡ የስታርክን ሞት ካከበረበት ይልቅ የስታርክን ፊት ናፍቋል።

ስለዚህ የዚህ ታሪክ ወዳጆች ለሚመጣው ክርክር ሚዛናቸውን ከአሁኑ ያዘጋጁ። ገቢውን ለነጋዴ፣ የዘመኑን ቅርንጫፍም ለሚወደው ሰው ይተዉለት። እነርሱ ስለሚመለሰው ሁሉ በምን ዋጋ እንደ ተመለሰ፣ ስለሚሞተውም ሁሉ ማን እንዳዘነለት ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ በ2019 ዓ.ም. ከአዳራሽ ሲወጡ ከአፋቸው ቢገኝ ኖሮ፣ ናታሻ ሮማኖፍ ሁለት ዓመት ያለ መቃብር ባልቈየች ነበር።